የማያውቁት ሰው ለቅሶ

ሊዝቤት ከሆላንድ ሕንድ መጥታ የአንድ ተራራማ መንደር ልጆችን በበጎ ፈቃድ ልታስተምር ቢምላ ዴቪ ቤት ስታርፍ፣ ቢምላ ብዙም አልወደደቻትም። ልጅቷ ምግቧን ይዛ ክፍሏ ትገባና በሯን ትዘጋለች። ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሻይ ታመሰግናለች፤ ቢምላን የሚያበሽቃትም ይኸው ምስጋና ነበር።

«በገዛ ቤቱ የሚያመሰግን ሰው አይተው ያውቃሉ?» ትለዋለች ባሏን።

«ተያት፣ ትለምዳለች» ይላል ሩፕ ላል። ሂንዲ የሚያስተምራት እሱ ነው፤ ውሃ፣ ፍየል፣ ቂጣ፣ ዝናብ እያለ።

አንድ ጠዋት ሊዝቤት ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። ጥቂት አዳመጠችና እርጥቡ ልብስ ላይ ዘጭ አለች። ቢምላ ሊጧን ጥላ ወጣች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«አባቴ…» አለች። ቃል ጠፋት። «አባቴ… አለቀ።»

ሞተ የሚለውን ማንም አላስተማራትም ነበር።

ቢምላ ሊጥ በነካው እጇ አቀፈቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ «ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ» ብቻ ትላለች። ይህን ስትሰማ ቢምላ ብድግ አለች። ገባችና ምድጃው ላይ ውሃ ቸለሰችበት።

«ምን ነካሽ?» አለ ሩፕ ላል።

«ሰው በሞተበት ቤት እሳት አይነድም።»

«ሰውየው የሞተው ባሕር ማዶ እኮ ነው!»

«ልጁ ያለችው እዚህ ነው።»

ጎረቤቷ ጊርጃ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ሳቀች። «ቢምላ፣ አበድሽ እንዴ? አይተሽው ለማታውቂው ፈረንጅ ጦምሽን ልታድሪ?»

ቢምላ የሐዘን ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈችና ልጅቷን አጠገቧ አስቀመጠች። እስከ ቀትር ዝር ያለ ሰው የለም። ሊዝቤት ስልኳ ላይ ጀልባ ውስጥ ቆሞ የሚስቅ ረጅም ሰው አሳየቻት።

«ስሙ ማን ነው?»

«ኮርኔሊስ።»

«ኮር… ኮርኔ…» አለች ቢምላ፤ አልወጣላትም። ልጅቷ ፈገግ ልትል ሞከረችና ለቅሶዋ ገንፍሎ ወጣ።

ጩኸቱን ሰምታ ቀድማ የደረሰችው ጊርጃ ነበረች። ራሷን በነጭ ሸፍና፣ ሩዝና ምስር በድስት ይዛ ገባችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። በረንዳው ሞላ።

ሩፕ ላል መኪና ሲያፈላልግ ዋለ፤ ግን ዝናቡ የተራራውን መንገድ ንዶት ነበር። አባትየው የተቀበረው ልጁ ሳትደርስ ነው። ቀብሩን በስልክ ልታይ ስትሞክር መስመሩ ከመዝሙሩ መሀል ተቆረጠ፤ ሊዝቤት የጠቆረውን የስልኩን መስታወት እንደያዘች ቀረች።

መንገዱ ሲከፈት ሄደች። «እመለሳለሁ እማዬ» ብላ ነበር። አልተመለሰችም።

«እናቷ ብቻዋን ናት፣ እንዴት ጥላት ትምጣ?» ትላለች ቢምላ ለሚጠይቃት ሁሉ። በጎ ፈቃደኞቹን የሚልከው ማኅበር ሌላ አስተማሪ ልላክልሽ ሲላት ግን «ትንሽ ቆዩልኝ» እያለች ክፍሉን እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠችም።