ወደ ኋላ የሚያስኬድ ሌንስ

ሰው አርባን ሲሻገር የሚያምረው ነገር ይለያያል፤ አንዱን መኪና ያምረዋል፣ ሌላውን ሹመት። ሆሳዕና ውስጥ የሙሽራ ፎቶ ሲያነሳ የኖረውን አጵሎስን ያማረው ግን ጉማሬ ነው። ለመብላት ሳይሆን ለማንሳት። እናቱን ሊጠይቅ ቦኖሻ በሄደበት አንድ ቅዳሜ ወደ ቦዮ ሐይቅ ወረድ ቢል፣ ጉማሬው ከውኃው ብቅ ብሎ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ አየና በሰርግ ካሜራው አነሳው። ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍተው ሐይቁ አለ፣ ሰማዩም አለ፤ ጉማሬው ግን ውኃ ላይ የተጣለ ጫማ መስሏል። አጵሎስ ከዚያ ወዲህ አርፎ አልተቀመጠም። የአውሬ ካሜራ ካልገዛሁ አለ።

ያገለገሉ ካሜራዎችን ከአዲስ አበባ እያመጣ የሚሸጠው ፈትሁዲን ሁለት ዕቃ ፊቱ ደረደረለት። አንደኛው ትልቅ ካሜራ ነው፤ አብሮት ያለው ዙም ሌንስ ከሰባ እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ጨለማ አይፈራም፣ አዳራሽ ውስጥ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሙሽራዋን አሳምሮ ያወጣል። ሁለተኛው አነስ ያለ ካሜራ ነው፤ ሌንሱ ግን ከመቶ ሃምሳ እስከ ስድስት መቶ የሚሳብ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ነው። ፈትሁዲን ሻጭ ቢሆንም እውነቱን አልደበቀም። ረጅሙ ብርሃን ይወዳል፣ ይከብዳል፣ ያለ መቆሚያ ከያዙት የልብ ምት እንኳ ምስሉን ይንጠዋል፤ ግን ሐይቁ ማዶ ያለች ወፍ ዓይኗን ስታርገበግብ ያሳያል። ሁለቱንም እስከ እሑድ ድረስ ወስደህ ሞክር፣ ከዱራሜም አንድ ፈላጊ አለኝ ብሎ አሰናበተው።

አሁን የቀረችው ጵርስቅላ ናት። ጵርስቅላ ሚስቱ ናት፤ የስቱዲዮውን አልበም የምትሠራውም፣ ቁልፉን የምትይዘውም እሷ። የሰፈሩ ምእመናን በስማቸው ይቀልዳሉ፤ በመጽሐፍ ቅዱስም ጵርስቅላ አጵሎስን ወደ ቤቷ ወስዳ አስተካክላ ያስተማረችው በከንቱ አይደለም ይላሉ። እሷም ይህን ቀልድ እንደ ሥልጣን ነው የምትቆጥረው። ሁለቱን ሌንሶች አገላብጣ አየችና፣ ረጅሙ ላይ ስትደርስ «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» አለችው። ሰርግ ነው የሚያበላን፣ አጭሩ ለሰርግም ለወፍም ይሆናል፣ ጉማሬ ደግሞ አልበም አያሳትምም ብላ ተከራከረች። አጵሎስ ለስንት ሰው የልቡን ሠርቶ ለራሱ አንድ ነገር ቢፈልግ ምን አለበት ብሎ አኮረፈ። ኩርፊያው ከልቡ ነበር፤ ራቱንም በደንብ አልበላም።

ጵርስቅላ ኩርፊያ አትወድም። በበነጋው ጠዋት ሁለቱንም ቦርሳ ውስጥ ከታ ሰጠችውና ፍርዷን ነገረችው።

«ወደ እናትህ ሂድ። እማማን ሲስቁ ያነሳልህን ሌንስ እንገዛለን። የትኛውም ቢሆን አልከራከርህም። ሁለቱም ካልቻሉ ግን ለፈትሁዲን መልስለት፤ የጉማሬ ነገርም በዚሁ ይብቃ።»

«እኔ የአውሬ ካሜራ እየመረጥኩ ነው» አለ አጵሎስ።

«ከእናትህ የበለጠ ካሜራ የሚሸሽ አውሬ ታውቃለህ?»

ይህን ስትል ቀልድም ነበራት፣ እውነትም ነበራት። በቤተሰቡ ውስጥ እንደ አጵሎስ እናት እንደ ወይዘሮ ጽጌ የሚስቅ የለም፤ ሳቃቸው ከጓሮ ተነሥቶ መንገድ ይሰማል። ካሜራ ሲያዩ ግን ሌላ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ገበያ ላይ የመጣ ፎቶ አንሺ፣ ጨርቅ ውስጥ ገብቶ «ከተነቃነቃችሁ ይበላሻል» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ቃሉን እስከ ዛሬ አላፈረሱም። ነጠላ ያጣፋሉ፣ ወንበር ያወጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከንፈራቸውን ይገጥማሉ። ልጃቸው የአገሩን ሙሽራ ሁሉ አስቆ ያነሳል፤ የእናቱ ፎቶ ግን ሁሉም የመታወቂያ ነው። አጵሎስ ይህ ነገር ውስጡን እንደሚበላው ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጵርስቅላ ግን ታውቅ ኖሯል።

ቦኖሻ ሲደርስ በአጭሩ ጀመረ። እናቱ ሌንሱን እንዳዩ ገብተው ነጠላ ለበሱ፣ ወንበር አስወጡ፣ ተቀመጡ፣ ደረቁ። አጵሎስ የሚያውቀውን ቀልድ ሁሉ አወራ። ባለፈው ሆመቾ በነበረው ሰርግ ላይ ሙሽራው በሚዜው ጫማ እንደተዳረ ነገራቸው። የወይዘሮ ጽጌ ዓይን እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ተስፋ ቆርጦ ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ያን ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀና ሲያደርገው ደረቁ። ዝቅ ሲል ሳቅ፣ ቀና ሲል መታወቂያ። ግራ ገባው። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ሰለቻቸውና ቡላውን በቅቤ አድርጌ አተካና ልሥራልህ፣ ሳትበላ አትሄድም ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

አጵሎስ ሐይቅ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ሐይቅ ግን አልሄደም። በጓሮ ዞሮ ከእናቱ እንሰት መጨረሻ፣ ከጎረቤታቸው ከአቶ ሄራሞ ድንበር አጠገብ ገባ። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ተከለ፣ ረጅሙን ሌንስ ጫነበት። የአውሬ ፎቶ አንሺዎች ራሳቸውን በጨርቅ እንደሚሸፍኑ ኢንተርኔት ላይ ስላየ፣ ከስቱዲዮው ያመጣውን አረንጓዴ መጋረጃ ከነካሜራው ተከናነበ። ከዚያ በሌንሱ ሲያይ ተደነቀ። እናቱ ከዚያ ሁሉ ርቀት ጓሮ ብቅ ሲሉ፣ የግንባራቸው መስመር፣ የመቀነታቸው ጥለት፣ ጣታቸው ላይ የቀረው ቅቤ ሳይቀር ይታያል። ጥቂት ይታገሥ እንጂ አንድ ነገር ያስቃቸዋል፤ እሳቸው ዶሮም ቢሰናከል ይስቃሉ።

አጵሎስ ያላሰበው አቶ ሄራሞን ነው። በዚያ ሰሞን መሬት እንደገና ሊለካ ነው የሚል ወሬ ቀበሌውን ይዞት ነበር፤ ሰው ሁሉ ማታ ማታ የድንበሩን ዛፍ እየዳበሰ ነው የሚተኛው። አቶ ሄራሞ ከብት ሊያስገቡ ሲወጡ፣ ሦስት እግር ያለው ነገር ድንበራቸው ላይ ቆሞ፣ የመነጽር አፉን ወደ ጽጌ ቤት አዙሮ አዩ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚተክለው፣ እሱም ቀያሽ ነው። አልጠየቁ፣ አልቀረቡ። በጎን በኩል ዞረው ወደ ወይዘሮ ጽጌ ሮጡ።

አጵሎስ ይህን ሁሉ በሌንሱ አየ፤ ድምፅ ግን አይሰማም። አቶ ሄራሞ ሲደርሱ፣ ወደ እሱ አቅጣጫ ሲጠቁሙ፣ የእናቱ ፊት ሲለወጥ ተመለከተ። እናቱ ዱላ አነሱ። ወደ እሱ መጡ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት አንስቶ አያውቅም፤ ካሜራው ሲንጫጫ፣ ቁጣው ከነጅማቱ ወጣ። እየቀረቡ ሲመጡ ዙሙን መለሰ፣ አሁንም መለሰ፣ መመለሻው አለቀ። የእናቱ ፊት ጉም ሆነ። ቀጥሎ ዱላው መጋረጃው ላይ አረፈ።

«ባሌ ጥሎልኝ የሄደውን መሬት እኔ ሳልጠየቅ የሚለካው ማነው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌ በሀዲይሳ ቋንቋ።

አጵሎስ መጋረጃውን ገፎ ወጣ። የሁለት ልጆች አባት፣ የከተማው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ፣ ተንበርክኮ፣ ፀጉሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ተጣብቆ። እናቱ አዩት። ዱላውን አዩት። አቶ ሄራሞን ዞረው አዩና ከሆዳቸው ፈንድተው ሳቁ። የሞት ሳቅ፣ እንባ የሚያወርድ ሳቅ ነበር። አቶ ሄራሞም ከድንጋጤያቸው ወጥተው አጀቧቸው።

አጵሎስ ካሜራውን ከመቆሚያው ነጥቆ ቀና አደረገ። ሌንሱ ግን እምቢ አለ። ይህ ዕቃ የሩቅ እንጂ የቅርብ አያውቅም፤ ጥቂት ሜትር ካልራቁት ፎከስ አይዝም። ሰርግ ላይ የኖረ ሰው ልማዱ መጠጋት ነው፤ ቢጠጋ ይብስ ደበዘዘ። ነገሩ ሲገባው ወደ ኋላ ሮጠ። እናቱ ልጃቸው ከሳቸው እያፈገፈገ ሲሸሽ አይተው ይብስ ሳቁ። ሲያፈገፍግ ተረከዙ ክምር ላይ ተያዘና፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ እንዳነሳ፣ እንሰት ሥር የተከመረው አዛባ ላይ ዘፍ አለ። ወይዘሮ ጽጌ መቆም አቅቷቸው ዱላቸው ላይ ተንጠለጠሉ። አጵሎስ እንደተቀመጠ ዓይኑን መልሶ ሌንሱ ላይ አደረገ። ርቀቱ በቃ። ሳቁ ጥርት ብሎ መጣ፣ ከጎደለችው ጥርስ፣ ከወረደው ሻሽ፣ ከእንባው ጋር። እስኪደክመው ጣቱን ከመጫኛው ላይ አላነሳም።

ካሜራው ላይ ያለውን ምስል በስልኩ አንስቶ ለጵርስቅላ ላከላት። መልሷ በድምፅ መጣ፣ እሷም እየሳቀች ነበር። «ረጅሙ ይገዛ። ሃያ ዓመት ሰው ላይ ስትጠጋ ኖርክ፣ አንተን ወደ ኋላ ማስኬድ የቻለ እሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ ለእናቱ አሳያቸው። ወይዘሮ ጽጌ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ካሜራውን ተቀበሉ፣ ወደ ጥላ ወስደው አዩ። ይቆጡኛል ብሎ ጠበቀ፤ ምስሉ ላይ ነጠላ አልለበሱም፣ ፀጉራቸው ወጥቷል። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ምስሉ ጉንጭ አስጠግተው ሳይነኩት መለሱት።

«በአፌ ስስቅ ኖርኩ እንጂ፣ አባትህ ከሞተ ጀምሮ ይህችን ሴትዮ አላየኋትም» አሉ። «ሞታ ነው የመሰለኝ። ግዛው ልጄ፤ አልፎ አልፎ እያመጣህ አሳየኝ።»

አጵሎስ አዛባው ሱሪው ላይ እንዳለ እናቱን አቅፎ ቆመ፤ ገፍተው አላራቁትም።