የላይ ቤትና የታች ቤት ደመራ

ጣሊያን ከተባረረ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ከደባርቅ ወዲህ፣ ተዳፋት ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ ላይ ቤቶችና ታች ቤቶች ለመስቀል ሁለት ደመራ ይተክላሉ። ረጅሙን የተከለ ወገን ቀድሞ ይለኩሳል፤ ወጉ ነው። ታዲያ በየዓመቱ የሚቀድመው ማን ነው? ላይ ቤት! ምነው ቢሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነው ሲያዩት የእነሱ ጫፍ ሰማይ ይነካላ!

ዘንድሮ የትንሿ ጥሩነሽ አባት፣ የታች ቤቱ በላቸው፣ አያቱ የተከሉትን ሸጋ ጥድ ለታች ቤት ደመራ ቆረጠ። ቆርጦ፣ ልጦ፣ በትከሻው ተሸክሞ አመጣው።

የመስቀል ጧት የላይ ቤቱ አላምረው ቁልቁል አየና፣ «በላቸው፣ ይኼ ደመራ ነው ወይስ የበግ ማሰሪያ ካስማ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በላቸው አንገቱን ደፋ። ጥሩነሽ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷን እንዲያ ስታየው አንጀቷ እርር አለ።

እሷ እቴ፣ መች ዝም ልትል! ሽማግሌው አያ አዘዘ ዘንድ ሮጠች።

«አያ አዘዘ፣ ዶሮ ጣራ ላይ ብትወጣ ከበሬ ትረዝማለች?»

«ኧረ ወዲያ! ዶሮ ያው ዶሮ ናት።»

«የላይ ቤት ደመራስ? ከፍ ያደረገው ዳገቱ ነዋ! ሁለቱም ከቆሙበት መሬት ይለኩ!»

አያ አዘዘ የላይ ቤት ሰው ናቸው፤ ግን እውነት ሲሰሙ ዝም አይሉም። ምትኩ የሚባለውን ጎረምሳ ገመድ አስይዘው የታች ቤት ደመራ ላይ አወጡት። እሱ አንዱን ጫፍ ከላይ ያዘ፣ ጥሩነሽ ደግሞ ገመዱ ሣሩን በነካበት ላይ ቋጠረች። ከዚያ በዚያው ገመድ የላይ ቤቱን ለኩ። ወይ ጉድ! ቋጠሮው መሬት ደርሶ አልቆመም፤ ከቋጠሮው በላይ ያለው አንድ ክንድ ሙሉ ገመድ ሣሩ ላይ ተጋደመ። ለካ የሚረዝመው የታች ቤቱ ኖሯል!

አያ አዘዘ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ዳገታችንን ነው ስንለካ የኖርነው!»

አላምረው አፍሮ ራሱን አከከ፤ ከዚያ ችቦ አነሣና በሁለት እጁ ለበላቸው ሰጠው። በላቸው ተቀበለው፤ ቀና ብሎ የአያቱን ጥድ እስከ ጫፉ አየው።

«አባዬ፣ ምነው ዓይንህ?» አለች ጥሩነሽ።

«ጭሱ ነው፣ ልጄ» አላት።

ችቦው ግን ገና አልተለኮሰም ነበር።