የኢና ቋጠሮ

ታክዋራ ቋጠሮውን ስትፈታ የጠበቀችው ጎሮ ነበር። ያንን ቀይ፣ መራራ፣ አያቷ ኢና ከጠዋት እስከ ማታ በጉንጯ ወትፋው የምትዞረውን ፍሬ። ከቋጠሮው የወጣው ግን ክኒን ነው። ነጩ ክኒን፣ ረጅሙ ክኒን፣ ለሁለት የምትሰበረዋ ትንሿ ሮዝ ክኒን፣ ሁሉም በየላስቲኩ ተጠቅልሎ፣ ለአርባ ቀን እንዲበቃ ተደርጎ።

ላስቲኮቹን አንድ በአንድ አገላበጠች።

አያቷ ባባ፣ የኢና ባል፣ ከመደባቸው ላይ እጃቸውን ዘርግተው እየጠበቁ ነው። ዓይናቸው በደንብ አያይም። "ምነው ዝም አልሽ?" አሉ። "ነቅዟል እንዴ?"

"ባባ... ጎሮ አይደለም።"

"እና ምንድን ነው?"

"የኢና የስኳር መድኃኒት ነው።"

ባባ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። እሳቸው ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

እንዴት እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች። ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ማንም ላይ አይላከክም። ኢና ዘንድሮ የሐጅ ተራ ደርሷት ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ስታዘጋጅላት የከረመችው ታክዋራ ናት። መርፌ ቁልፉን አስባለች፣ ትርፍ ነጠላ ጫማውን አስባለች፣ ሻንጣው ከሌላው እንዲለይ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለች። ሰፈሩ ሁሉ "ምነው እኛንም ባዘጋጀሽን" ብሏታል። አባቷ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚደጋግመው፦ "ጎሮ እንዳትይዝ! እዚያ ጎሮ ክልክል ነው። ከተገኘባት ከሰልፍ መሀል መዝዘው ነው የሚያስቀሯት። ብትለምንሽም፣ ብትረግምሽም፣ ጎሮ እንዳትይዝ!"

እና ዛሬ ማለዳ፣ ኢና ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ስታደርግ፣ ታክዋራ እጇን ወደ ትከሻ ቦርሳዋ ሰደደች። ከሥር ጥብቅ ብሎ የታሰረ ቋጠሮ አገኘች። በእጇ ስትጨምቀው ጠጠር ጠጠር ይላል። "አገኘሁሽ አሮጊት" ብላ በሆዷ እየሳቀች አወጣችው። ሳትፈታው። ቁም ሣጥን ላይ ወርውራው ኢናን ለመሸኘት ወጣች። ባባ አሁን ከምሳ በኋላ "እስቲ ያችን የቀማሻትን ጎሮ አምጪልኝ" ባይሏት ኖሮ እስከ ነገም አትፈታውም ነበር።

ታዲያ ኢና ምን ይዛ ሄደች? ሌላኛውን ቋጠሮ ነዋ! ቋጠሮው ሁለት ነበር። መድኃኒቷ እዚህ፣ ጎሮዋ እዚያ።

"ደውይላት" አሉ ባባ።

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ለነገሩ መቼ ከፍታው ታውቃለች? "መካ ስገባ እንዳያልቅብኝ" እያለች ባትሪውን እንደ እህል የምትቆጥብ ሴት ናት።

ታክዋራ ያለፈው ረመዳን መጣባት። ያኔ ኢና "ጾም ላይ ምን ክኒን አለ" ብላ ለማንም ሳትናገር አቁማው ነበር። ጓሮ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ወደቀች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን ማንንም አላየም። ታክዋራ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ "ኢና፣ ኢና" ስትላት ኢና ያየቻት እንደ ግድግዳ ነበር። ያ አስተያየት እስካሁን በሕልሟ ይመጣል።

"ገና አልበረረችም፣ ለሐጅ ካምፑ ዶክተሮች ይነገራቸው" አሉ ባባ። "እዚያም ሐኪም አይጠፋም።"

"አይሆንም ባባ! ስኳር እንዳለባት አልነገረቻቸውም እኮ። ጉልበቴን ብቻ ነው የሚያመኝ ብላ ነው ያለፈችው። ከነገርን ያስቀሯታል።"

ይህን ምስጢር ኢና የነገረችው ለሷ ብቻ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው መንገድ ነው፤ ፍየሎቿን ሸጣለች፣ ለመሞት እንኳን ቀጠሮ የያዘችው ከመካ በኋላ ነው። አሁን ታክዋራ አፏን ከከፈተች ኢና ትቀራለች። ዝም ካለች ደግሞ ኢና በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ሕዝብ መሀል፣ ብቻዋን ትወድቃለች። ማን ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ ያደርጋል?

ሒጃቧን ከጀርባዋ ወደፊት እየጎተተች ወጣች።

የባጃጁ ልጅ ገና ስትገባ አያት። "ምነው እህቴ፣ ባል አምልጦሽ ነው?"

"ሐጅ ካምፕ! ቶሎ በል!"

"አረ እኔስ ቶሎ ብዬ ነበር፣ ካኖ ናት እምቢ ያለችው።"

እውነቱን ነው። የካኖ ከተማ መንገድ በሸኚ መኪና ተጨናንቋል። ሁሉም ጥሩምባ ይነፋል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ታክዋራ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ይዛዋለች፣ ልቧ በሱ ላይ ሲደልቅ ክኒኖቹ የሚንቀጫቀጩ መሰላት። አንድ አውሮፕላን ከቤቶቹ በላይ ብቅ ብሎ አለፈ። "ይሄ ነው?" አለች ሳታስበው።

"ምኑ?"

"ምንም። ምንም። ንዳ!"

በሩ ላይ ጠባቂው በትር ይዞ ቆሟል። "ዘመድ አይገባም። ስንብት ቤታችሁ ነው።"

"ማላም፣ ጌታዬ፣ በአላህ ይዤብዎታለሁ፣ አያቴ የረሳችው ነገር አለ።"

"ምን?"

"መድ—" ልትል ነበር። ምላሷን ነከሰች። አጠገቡ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

"ጥርሷን" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ጥርሷን ረስታ ሄደች። ሰው ሠራሹን።"

ጠባቂው ሳቁን ያዘና ለቀቀው። "ታዲያ ለአርባ ቀን በምን ልታኝክ ነው? እስቲ ፍቺው ልየው።"

ታክዋራ ቋጠሮውን ወደ ራሷ ሳበችው። ነርሷ አንገቷን ቀና አደረገች። ከፈታችው አለቀ፣ የኢና መንገድ እዚህ በር ላይ ነው የሚሞተው። ወደ ጠባቂው ጠጋ ብላ፣ "ማላም" አለች፣ "የእናትዎን የወለቀ ጥርስ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢያይባት ደስ ይልዎታል? ምራቋ እኮ ገና አልደረቀም።"

"ኤጭ!" ሰውየው ወደ ኋላ አለ። "ግቢ፣ ግቢ፣ ውሰጂልኝ ከፊቴ!"

ገባች። እና ደርቃ ቆመች።

ግቢው ሙሉ ኢና ነው። ሁሉም አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ቢጫ አበባ፣ ሁሉም ነጭ ሒጃብ፣ ሁሉም ያችኑ የትከሻ ቦርሳ። የክፍለ ሀገሩ ሐጃጅ እንዳይጠፋ ተብሎ አንድ ዓይነት ያለብሱታል፤ እዚህ ግን ሰው የሚጠፋው በዚሁ በአንድ ዓይነቱ ነው። "ኢና!" ብላ ጮኸች። ኢና እናት እንደ ማለት ነውና ግማሹ ግቢ ዞረ። የማን ኢና እንደሆነች ማን ያውቃል? በወዲያ በኩል አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን አስነስተዋል፣ ሰልፉ እየተሳበ እየገባ ነው።

ከሴት ወደ ሴት ሮጠች። "ይቅርታ ሐጂያ። ይቅርታ ሐጂያ።" ፊት እያየች፣ እየተወች። ከዛፉ ሥር ሰዎች ተሰብስበው አየች። መሀላቸው አንዲት አሮጊት ተዘርራለች፣ በሒጃቧ ጫፍ ያራግቡላታል። እግሮቿ ብቻ ይታያሉ፣ ሒና የሞቁ፣ ደረቅ ተረከዞች። የኢናም ተረከዝ እንደዚያ ነው። ታክዋራ ወደፊት መሄድ አቃታት። ጆሮዋ ውስጥ ጉድጓዱ ጋ የሰማችው ዝምታ ገባ። ሰው እየገፋች፣ እያለቀሰች ተጠጋች።

ኢና አይደለችም። የሌላ ሰው ኢና ናት። ታክዋራ "አልሐምዱሊላህ" አለች፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ እያየቻት ነበርና።

ድምፅ ማጉያው ያለው ድንኳኑ ጥግ ነው። ማላም ሹአይቡ የሚባል ቀጭን ሰውዬ ጉሮሮው እስኪደርቅ ስም ይጠራል። "ማላም፣ አያቴን ይጥሩልኝ።"

"ስሟ?"

እዚህ ላይ ታክዋራ ተንተባተበች። በቤታቸው የኢናን ስም የሚጠራ የለም። ለአባቷ እናቱ ናት፣ አይጠራም። ለእናቷ አማቷ ናት፣ ምላሷን ብትቆርጥ ይቀላታል። ታክዋራ ራሷ የተሰየመችው በኢና ስም ስለሆነ የሷንም ስም የሚጠራ ጠፍቶ "ታክዋራ"፣ ሞክሼ ማለት ነው፣ ሲሏት አደገች። በስሟ የሚጠራት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር።

"ሳውዳቱ" አለች ቀስ ብላ። "የጓሌ ሰፈሯ። ጥርሷን ረስታ ነው።"

ሹአይቡ ማይኩን ነፋ። "ሐጂያ ሳውዳቱ! ሐጂያ ሳውዳቱ የጓሌ ሰፈሯ! ጥርስሽ መጥቷል! መጥተሽ ጥርስሽን ውሰጂ!"

ግቢው በሳቅ ተንጫጫ። ታክዋራ የራሷ ስም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ሲረጭ በሐፍረት ተሸማቀቀች። ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ደግሞ ጠራ። ማንም። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጭስ እየተፋ ወጣ።

"የለችም" አለ ሹአይቡ። "ገብታለች ማለት ነው።"

"አለች! ደግመው ይጥሩ!"

"ልጄ፣ እስከ መግሪብ ብጠራ ያው ነው።"

ያን ጊዜ ነው የገባት። ኢና ሰምታለች። ሰምታ "ይህች ጥርሷን የረሳች ጉደኛ ማን ናት" ብላ ከሌሎቹ ጋር ስቃለች። በዚያ ስም ከተጠራች ስንት ዘመኗ! ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ የማንም አፍ ላይ አልነበረም። ስሙ የሷ መሆኑንም ሳትረሳው አትቀርም።

ታዲያ ኢና በምን ስትጠራ ነው የምትነሳው? እንቅልፍ ላይ ብትሆን፣ ሶላት ጨርሳ ተስቢሕ ላይ ብትሆን፣ ምን ስትባል ነው ሳትመልስ የማትቀረው?

ታክዋራ ማይኩን ከሹአይቡ እጅ መነተፈችው።

"አንቺ አሮጊት!" ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "ጣውንቴ! መካ ሄድኩ ብለሽ ባሌን ለኔ ጥለሽ ሄድሽ አይደል? ጥሩ አደረግሽ! ዛሬ ማታ ዶሮ ሠርቼ የማበላው እኔ ነኝ! አልጋሽንም እኔ እተኛበታለሁ! ባባ እንኳን 'ከዚያች ጥርሰ ወላቃ አላህ ገላገለኝ' ብሏል!"

ሹአይቡ አፉን ከፈተ። አንዲት ሴት "አዑዙ ቢላህ!" አለች። ሴትዮዋ ምን ታውቃለች፤ አያትና የልጅ ልጅ በባባ ላይ እንደ ጣውንት መሰዳደብ የቤታቸው የዘወትር ቀልድ ነው።

ከዚያ ከመጨረሻው አውቶቡስ መስኮት አንድ ክንድ ወጣ። "አንቺ ባል ቀሚ!" የሚል ድምፅ፣ የጎሮ ድምፅ፣ የኢና ድምፅ። "አንቺ ጡት ያላወጣሽ! ባሌን ጫፉን ንኪና ከመካ ነው ድንጋይ የምወረውርብሽ!"

ታክዋራ ማይኩን ጥላ ሮጠች። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከጎኑ እየሮጠች ቋጠሮውን በመስኮቱ ወደ ላይ ዘረጋች። "ኢና! ቋጠሮሽ! የያዝሽው ጎሮ ነው!"

ኢና ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዳሰሰች፣ አወጣች፣ ፈታች። ቀያይ ፍሬዎች። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"አውጥተሽብኝ ነው?"

"ጎሮ መስሎኝ! ኢና፣ ይቅር በይኝ። እህል ቀምሰሻል?"

"የሩዝ ቂጣ፣ ማሳ በልቻለሁ።"

"እንግዲያው አሁን ዋጪው። እያየሁሽ።"

"እዚያ ስደርስ—"

"አሁን!" ቋጠሮውን ለኢና አስጨብጣ መስኮቱን በሁለት እጇ ያዘች። ሹፌሩ "ልጅቷን ጎትቱልኝ!" እያለ ጮኸ፣ አውቶቡሱ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከኢና አጠገብ ያለችው ሴት የውሃ ላስቲክ በጥርሷ ቀዳ ሰጠቻት። ኢና ዋጠች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ታክዋራ አየች፤ የራሷም ጉሮሮ አብሮ ዋጠ።

የኢና እጅ የጎሮውን ቋጠሮ ይዞ ወረደላት። እጇ በዚያ ሁሉ ሙቀት በረዶ ነበር።

"ኢና፣ ፈርተሻል እንዴ?"

"ማን? እኔ?" ኢና ወደ ሰማዩ አየች፣ ሌላ አውሮፕላን እየወጣ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያ ነገር ሲነሳ... አፌ ውስጥ የማውቀው ነገር እንዲኖር ብዬ ነው ጎሮ የያዝኩት። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።"

አውቶቡሱ ሄደ። ቢጫ አበባው፣ ነጩ ሒጃብ፣ ሁሉም ክንድ ተውለበለበ፣ የትኛው የኢና እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ስልኳ ሲጮኽ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። አባቷ ነው።

"ታክዋራ፣ ጎሮውን አውጥተሽላታል አይደል? እዚያ ሲደርሱ ይፈትሻሉ አሉ።"

"አውጥቻለሁ አባ።" ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አጠበቀችው። "እጄ ላይ ነው።"

"ጎበዝ። አሁን ተረጋጋሁ።"

እሷ ግን አልተረጋጋችም። ኢና ውሃውን ስትጠጣ በግራ ጉንጯ የተወተፈውን አንድ ፍሬ ጎሮ አይታለች። ይህንን ለአባቷ አልነገረችውም። ቀና ብላ ሰማዩን ማየት ጀመረች።