እጀ ቀላሏ

በሆስፒታሉ ውስጥ የደም ሥር ፍለጋ ያስቸገራቸው ነርሶች «እጀ ቀላሏን ጥሯት» ይላሉ። እሷም ትመጣለች፤ አትስትም። ጀማሪዎቹ እንዴት እንደምታገኘው አስረጂን ሲሏት ግን አፏ ይተሳሰራል፤ «ዓይናችሁን ተዉትና ጣታችሁ ይፈልገው» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። እናቷ ይህን ሲሰሙ፣ «ሙያ በልብ ነው፤ ምን ታስለፈልፉኛላችሁ በያቸው» እያሉ ይስቁ ነበር።

አሁን እናቷ እዚያው እሷ በምትሠራበት ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ ላይ ተኝተዋል። ካንሰሩ ጉበታቸው ደርሷል። ሐኪሙ ከልጆቻቸው አልደበቀም፤ ግሉኮሱ ጥቂት ቀን ቢያቆያቸው ነው እንጂ አያድናቸውም። ክንዳቸው በመርፌ ብዛት ጠቁሯል። ዛሬ የነበረው መርፌ ቦታው ስላበጠ ተነቀለ፤ ሁለት ነርሶች ሌላ ሥር ፈልገው አቃታቸው።

ጠዋት ፊታቸውን ስታብስላቸው፣ «በቃኝ የኔ እናት» ብለዋት ነበር። «ከእንግዲህ አትውጉኝ። ወንድምሽ ግን አይሰማኝም፤ እሱ ሲፈራ ጆሮ የለውም።»

አሁን ተጠርታ ስትመጣ ታላቅ ወንድሟ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል።

«መጣችላችሁ» አለ ለነርሶቹ። «እናንተማ ወንፊት አደረጋችኋት።»

«ጋሼ፣ እማዬ በቃኝ ብላለች።»

«በሽታው ነው የሚያናግራት። ሥሩ ከጠፋ እሺ፣ ምን ይደረጋል። እያለ ግን እናቴን አልተዋትም።»

ጎማውን ክንዳቸው ላይ አሰረች። ጣቷን ከእጃቸው አንጓ ጎን አሳርፋ ጠበቀች። ሥሩ መጣ። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት ነጠር የሚል። እናቷ ዓይናቸውን ገልጠው ያዩዋታል። እንዳገኘችው ያወቁ ይመስላሉ፤ ግን ክንዳቸውን አልሰበሰቡም።

ጣቷን ፈቀቅ አደረገች። ለይምሰል ሌላውንም ክንድ ዳሰሰች።

«የለም» አለች።

«እስቲ ደግመሽ እዪ።»

«የለም፣ ጋሼ። አጣሁት።»

ነርሶቹ ተያዩ። ከእሷ ወዲያ የሚጠራ አልነበረም። ጎማውን ልትፈታ ብትል ጣቶቿ ቋጠሮውን መያዝ አቃታቸው፤ ከነርሶቹ አንዷ ፈታችላት።

ወንድሟ እያለቀሰ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ።

«አይዞሽ» አላት። «አንቺ ምን ታደርጊ፤ የቻልሽውን አድርገሻል።»

ቀና ብላ አላየችውም። የእናቷን እጅጌ ወደ ታች ስባ እስከ አንጓቸው ሸፈነችው።