የባዶው ፓፍ ድምፅ

ፍራሽ ሰሪው ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ታላቂቱ አፏ አያርፍም። ለስድስት ዓመቷ ታናሿ፣ ደረቷ በአስም ሲር ሲር ስለሚል፣ "ፉጨት" ብላ ስም ያወጣችላት እሷ ናት። ልጅቷም ስሙን ከመውደዷ የተነሳ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ወይ አትልም።

ሐኪሟ በአፍ የሚሳቡ ሁለት ፓፎች ሰጥታለች፦ ቡናማውን ደህናም ብትሆን ጠዋትና ማታ፣ ሰማያዊውን ሲያፍናት ብቻ። እናት ግን ደህና ልጅ ምን መድኃኒት ያስፈልጋታል ብላ ቡናማውን ለክፉ ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሰማያዊው ታላቂቱ እጅ ቀረ። እሷ ደግሞ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ሽቶ ነው እያለች አየር ላይ ትነፋዋለች። ፉጨት ከሥሩ እየሮጠች በሳቅ ትፈርሳለች። ስትስቅላት ደግማ ትነፋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት አባት በሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ ቀዶ ጥጡን ሲደበድብ አቧራው ቤቱን ሞላው። ፉጨት ሳለች፣ ሳለች፣ ከዚያ ለመሳል እንኳ አቅም አጣች። በጎድኖቿ መካከል ሥጋዋ ይሰረጉዳል። ታላቂቱ ፓፉን መድኃኒቱ በአፍ ከሚሳብበት የፕላስቲክ ቱቦ ጋር ገጥማ ተጫነችው። ጭስስ አለ። ደገመች። ጭስስ። ድምፅ እስካለው ድረስ መድኃኒት አለው ብላ ነው። የልጅቷ ከንፈር ሲጠቁር አባት ዱላውን ወርውሮ አዝሏት ሮጠ፤ እናትና ታላቂቱ ተከተሉት።

ጤና ጣቢያ በኦክስጅንና በጭምብል በሚሰጥ መድኃኒት ተረፈች። ነርሷ ከፓፉ ኋላ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አሳየቻቸው፤ ዜሮ ትላለች። መድኃኒቱ ቢያልቅም የሚገፋው ጋዝ ይጮሃል አለች። ስለ ቡናማው ስትጠይቅ እናት አንገቷን ደፋች። አባት ግን ከእጅጌው ላይ ጥጥ እየለቀመ ነበር፤ የሰማም አይመስልም።

በማግስቱ ታላቂቱ አባቷን የፍራሽ መርፌውንና ዱላውን በገመድ ሲያስር አገኘችው። ሃያ ዓመት የበላበትን ሙያ ትቶ ዕቃውን ሊሸጥ ነው። ልጄን በገዛ ጥጤ አፈንኳት ይላል።

"አባዬ፣ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አለችው። "ሽቶ እያልኩ።"

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ገመዱን አንድ ዙር ጠመጠመ።

"ስትነፊላት ትስቅ ነበር?"

"በጣም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቋጠሮውን አጠበቀው፤ የአንቺ ጥፋት የእኔን አቧራ አያጠፋውም ብሎ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ።

እሷ ገብታ እናቷ በሰጠቻት ቁልፍ ቡናማውን ከቁም ሳጥን አወጣች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው።

"ተነሽ እህቴ፣ መድኃኒትሽን ሳቢ።"

ትንሿ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ዓይኗን አወጣች። "እህቴ ማናት? ፉጨት በይኝ እንጂ። አኩርፈሻል እንዴ?"

ታላቂቱ አፏን ከፈተች። ያ ስም አልወጣ አላት።