የውሸት ዛፍ

በእኛ ቤተ ሙከራ ሰው የሚጣላው በኳስ ወይም በፖለቲካ አይደለም፤ በፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። እኔ የፓይተን ሰው ነኝ። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደግሞ አር ከሚባለው ቋንቋ ጋር ቆርቧል፤ ግራፉን በሰባት ቀለም ካላስዋበ ስሌት የሠራ ስለማይመስለው ሰዓሊው እንለዋለን። የሁለታችንም አማካሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ከፎርትራን ወዲህ የመጣውን ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚሉት። በሌሉበት ጋሽ ፎርትራን እንላቸዋለን።

ጋሽ ፎርትራን ስም ያተረፉት በዛፍ ነው። ግንዱን በቀጭኑ ሰርስረው ናሙና ያወጣሉ፣ በየዓመቱ የጨመረውን ቀለበት ይለካሉ፣ ከዚያ ከየዓመቱ ዝናብ ጋር ያስተያዩታል። ግኝታቸው ባጭሩ ይኸው ነው፦ ዛፍ ዘንድሮ ጠጥቶ የሚወፍረው በሚቀጥለው ዓመት ነው። "ዛፍ እንደናንተ ችኩል አይደለም" ይሉን ነበር ክፍል ውስጥ። በዚህች ነገር መጽሐፍ ጽፈዋል፣ ተሸልመዋል፣ አገር ላገር ዞረዋል። ስሌቱን የሚሠራውን ፕሮግራም በወጣትነታቸው የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ከእሳቸው እየወሰደ ይሠራበታል።

ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ጠሩኝና "ይቺን አሮጊት ወደምትወጂው ቋንቋ አሻግሪልኝ" አሉኝ። አሮጊቷ ፕሮግራሟ ናት። "ለስንብቴ ከደረሰች መድረክ ላይ አሳያታለሁ።"

የዚያን ዕለት ሰዓሊው ላይ ያልተኩራራሁት ኩራት የለም።

ጽፌ ጨረስኩና የእሳቸውን ዛፎች አስገባሁ። መዘግየት የሚባል ነገር የለም! ዛፉ እንደ ማንኛውም ሆዳም በጠጣበት ዓመት ይወፍራል።

"አበላሽተሽዋላ" አለ ሰዓሊው ወንበሩን እያሽከረከረ። "ፎርትራን ሲቆጥር ከአንድ ይጀምራል፣ ያንቺው ጉድ ከዜሮ። አንድ ዓመት ሸርተት አድርገሻል።"

እውነት ለመናገር እኔም የጠረጠርኩት ራሴን ነው። መስመር በመስመር ፈተሽኩ። ምንም የለም። ተናደድኩ፤ እኔ ስናደድ ደግሞ መብላትም መተኛትም ይረሳኛል። በመጨረሻ የውሸት ዛፍ ሠራሁ። ዝናቡንም ቀለበቱንም ከራሴ ፈጠርኩ፤ ዛፌ ዝናብ ባገኘበት በዚያው ዓመት እንዲወፍር አደረግኩ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የሚሳሳት ሁሉ ይጋለጣል። ለአሮጊቷ ሰጠኋት።

"አንድ ዓመት ይዘገያል" አለች።

ሆድ ዕቃዋን ከፍቼ ገባሁ። ቀለበቱን የምታነበው በፎርትራን ነው፣ ከአንድ ጀምራ። ዝናቡን የሚያነብላት ግን ሲ በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፈ ቁራጭ ነው፣ ከዜሮ ጀምሮ። ሁለቱ ሲገናኙ የዘንድሮው ዝናብ በአምናው ቦታ ይቀመጣል፤ ዛፉ የዘገየ ይመስላል። ያ ሁሉ ሽልማት የቆመው በዚህ ላይ ነበር።

ሰዓሊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱን ተወ። "ተያቸው በናትሽ። ስንብታቸው ዓርብ ነው። በሰላም ይሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ታወጪዋለሽ።"

ሐሳቡ አማለለኝ። እወዳቸዋለሁ እኮ። በመጀመሪያው ዓመት "ይቺ ልጅ ለምርምር አትሆንም" ሲባል "ትሆናለች" ብለው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።

ቤት ገብቼ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ነርስ ናት፤ ወሬ አታስረዝምም።

"ውጤቱ የማን ነው?" አለችኝ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች።

"የእሳቸው።"

"ታዲያ የሰው ውጤት ልትደብቂ አንቺ ማነሽ? መድረክ ላይ ሲያወሩ እያወቅሽ ልታጨበጭቢላቸው ነው?"

"ከሄዱ በኋላ እናገራለሁ።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለችና አንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፔን ታቅፌ ቢሯቸው ገባሁ። መጻሕፍታቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ ነበር። ሌሊቱን ያሰናዳሁት መግቢያ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

"ፕሮፌሰር፣ ዛፎቹ አይዘገዩም" አልኩ።

የውሸት ዛፉን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። በሲ ወደተጻፈው ቁራጭ ወረዱና ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ቆመ። ፊታቸው ሲገረጣ ሳይ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

"ሲን ልሞክር ብዬ ይቺን ዜሮ የጻፍኳት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ስለ ምኑ?" ዞር ብለው አዩኝ። "ስንቱ ወሰደው ይሄን ፕሮግራም! ስንቱ 'ከዳር እዳር አነበብኩት፣ ድንቅ ነው' ብሎ ጻፈልኝ! ስህተቱ እኮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ ልጄ። ሁለተኛው ገጽ!"

ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

"እስካሁን ማንም አላነበበኝም ማለት ነው" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተነስቼ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ ግራ ገባኝ።

ካርቶኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ቀጥይ እስቲ" አሉኝ። "ሦስተኛው ገጽ ላይስ ምን አገኘሽ?"