ጥላ ያለው ቦታ

ዘበኛው ሮጦ መጣና የምክትል ሥራ አስኪያጁን መኪና መስኮት አንኳኳ።

"ጌታዬ፣ ዛፉ ሥር ያቁሙ። ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው ተብያለሁ።"

በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ግቢ ያለው ዛፍ አንድ ነው፤ ሥሩ የሚያቆመውም ዋናው ሥራ አስኪያጅ ብቻ። ምክትሉ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ ማታ የጋለ ወንበር ላይ እየተቀመጠ አንጀቱ ሲያር ኖሯል። ዋናው የትምህርት ቤት ጓደኛው ነው፤ ያውም ሒሳብን ከእሱ እየኮረጀ ያለፈ። ነገሩ ስላልገባው እንደወትሮው ፀሐይ ላይ አቁሞ ወደ ቢሮ ወጣ።

ዋናው ሥራ አስኪያጅ መሳቢያውን ባዶ እያደረገ ነበር።

"ለሥልጠና ልሄድ ነው። ወንበሩ ላንተ እንዲሰጥ ተናግሬያለሁ። ከማን ታንሳለህ?"

"ሰኞ እኮ መርማሪዎቹ ይመጣሉ። ስለ ውሃ ማጣሪያው ምን ልበላቸው?"

"እኔማ አልኖርም። የሚጠየቀው ወንበሩ ላይ ያለው ነው።"

"ይቀየር ብዬ ስለምንህ 'ይደርሳል' ያልከኝ አንተ ነህ።"

"በቃል የተባባልነውን ማን ሰማ፣ ወንድሜ?" ዋናው ፈገግ አለ። "ከፈራህ ለፋይናንስ ኃላፊዋ እሰጣታለሁ። እሷ ካሁኑ መጋረጃ እየመረጠች ነው። እስከ ነገ ጠዋት አስብበት።"

ያ ማጣሪያ በጊዜው ባለመቀየሩ የታችኛው ሰፈር ሰው ቡናማ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ምክትሉ በምሳ ሰዓት ነርስ ለሆነችው ሚስቱ ደወለ።

"ዛሬም ሕፃናት አምጥተዋል" አለችው። "አልጋ ስላነሰን ሁለት ሁለቱን አስተኝተናል። አንዷ እናት 'ማንን ልጠይቅ?' አለችኝ።"

ስለ ወንበሩ ነገራት።

"አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ። ጥፋቱን ሊያሸክምህ መሆኑ ጠፍቶህ ነው? እንቢ በለው። የምታውቀውን በምክትልነትህ ሄደህ ተናገር።"

"ልክ ነሽ" አላት። ከልቡ ነበር።

በማግስቱ "አልቀበልም" የምትለዋን ቃል መንገዱን ሁሉ ሲለማመዳት መጣ። በሩን እንዳለፈ ግን የፋይናንስ ኃላፊዋን ነጭ መኪና አየ። ፍሬቻዋን ወደ ዛፉ አብርታለች፤ አዲስ የፀሐይ መነጽር አድርጋለች።

ቅናት ያዘው። እንደ ልጅ ቀና። ሁለት ሁለት ሆነው የተኙትን ሕፃናት አሰበ፣ ሚስቱንም አሰበ። ከዚያ ሴትዮዋ ከጥላው ብቅ ብላ "እንዴት አደርክ፣ ምክትል?" ስትለው ታየውና ነዳጁን ረገጠ። ቀድሟት ገባ።

ጥላው እንዳሰበው ቀዝቃዛ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ዘበኛውን ጠራው።

"ሰኞ እንግዶች መጥተው ኃላፊው ማነው ካሉህ" አለው፣ "ይቺን መኪና አሳያቸው።"